እውነተኛው ኮከብ ቆጣሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የገና በዓል አልፎ ጥምቀት ሲቃረብ፣ የመንፈቀ ዓመቱም ፈተና ሲያልቅ፣ ብዙዎቻችን ሻንጣችንን ይዘን ወደየቤተ ሰባችን እንበተናለን። በዚህ ሰሞን ይህች መጽሔታችን ዘወትር የምትሰጠን ምክር አለ፤ ጸሎታችሁን አትርሱ፣ ከቤተ ክርስቲያን አትራቁ፣ ጓደኛ ምረጡ የሚል ነው። ያ ምክር ዛሬም የጸና ነው። እኔ ግን በዚያ ላይ አንድ ነገር መጨመር እወዳለሁ፤ በዕረፍታችሁ ሰሞን ማታ ማታ ከቤት ወጥታችሁ ወደ ሰማይ ተመልከቱ።

ይህን የምለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሰማይ እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ሁሉ ያለ ክፍያ የዘረጋው ትምህርት ስለ ሆነና እኛም ከተማ ስንኖር ይህን ትምህርት ስለምናጣው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በዚያው በዕረፍት ሰሞን በየመንደራችን ሰማይን ሳያዩ የሰማይን ምሥጢር እናውቃለን በሚሉ ሰዎች ምክንያት ብዙ ወጣት ስለሚጎዳ ነው። ሁለቱን ነገሮች በቅደም ተከተል እንመልከታቸው።

ቅዱስ ዳዊት በመዝሙር 8 እና በመዝሙር 18 ላይ ስለ ሰማይ የተናገረው በቤተ መንግሥት ተቀምጦ ብቻ ያገኘው አይመስለኝም። እረኛ ነበርና ከበጎቹ ጋር ውጭ ያደረባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ሰማያት ድምፅና ቋንቋ ሳይኖራቸው የፈጣሪያቸውን ክብር ለምድር ሁሉ እንደሚያወሩ ያስተማረን ይህ በሜዳ ያደገ ሰው ነው። ከእርሱ በፊትም አባታችን አብርሃም አለ። አብርሃም ከከለዳውያን ዑር የወጣ ሰው ነው፤ ከለዳውያንም ከዋክብትን በመመልከትና ከዚያ የሰውን ዕድል እናነባለን በማለት በጥንቱ ዓለም ስማቸው የታወቀ ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 15 እንደምናነበው፣ እግዚአብሔር አብርሃምን ከድንኳኑ ወደ ውጭ አወጣው፤ ወደ ሰማይ እንዲመለከትና ከዋክብቱን መቁጠር ይችል እንደ ሆነ እንዲሞክር ነገረው፤ ዘሩም እንዲሁ እንደሚበዛ ቃል ገባለት። ልብ በሉ፤ ከዋክብቱ እነዚያው ከለዳውያን የሚያዩአቸው ከዋክብት ናቸው። አብርሃም ግን ዕድሉን ከእነርሱ አልጠየቀም፤ ከእነርሱ በላይ ሆኖ የሚናገረውን አመነ፤ እምነቱም ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት።

እንግዲህ እኛ ወዳለንበት ምድር እንምጣ። አገራችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ኬክሮስ መካከል ትገኛለች። ይህም ማለት ሙሉ በሙሉ በሐሩር ክልል ውስጥ ናት ማለት ነው። ሐሩር ክልል የሚባለው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ የሚደርሰው የምድር ቀበቶ ሲሆን፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ በአናታችን ላይ የምታልፍበት ነው። ደጋችን ብርድ ስለ ሆነ ሐሩር ሲባል ቆላውን ብቻ እናስባለን፤ በሰማይ አቀማመጥ ግን ደብረ ብርሃንም አዋሽም የአንድ ክልል ልጆች ናቸው።

ይህ አቀማመጥ ለሚመለከት ሰው ትልቅ ስጦታ ነው። በመጀመሪያ፣ በእኛ ዘንድ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ስለ ሆነ ምሽቱ ቶሎ ይጨልማል። በሰሜን አውሮፓ በበጋቸው ወራት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንኳ ብርሃኑ ለረጅም ሰዓት ይዘገያል፤ እኛ ግን እራት ሳይቀርብ ከዋክብት ሞልተው እናያለን። ሁለተኛውና ትልቁ ነገር፣ ከእኛ አገር የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ይታያል። እንግሊዝ አገር የሚኖር ሰው ከአገሩ ሳይወጣ የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት ዕድሜውን ሙሉ አያያቸውም። በደቡብ አውስትራልያ የሚኖር ደግሞ የሰሜንን ኮከብ አያይም። እኛ ሁለቱንም እናያለን። በዓመቱ ዑደት ውስጥ፣ ከደቡብ ዋልታ አጠገብ ካለች ጥቂት የሰማይ ክፍል በቀር፣ ከአገራችን የማይታይ ሰማይ የለም ለማለት ይቻላል። ሦስተኛም፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር የደጋው አየር ደረቅና ጥርት ያለ ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉትም ቦታው 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ነው። ብዙ ከተሰጠው ብዙ እንደሚፈለግበት ጌታችን በወንጌል አስተምሮናል። ሰማይ ሙሉ የተሰጠን ሕዝብ ቀና ብለን ሳናየው ብንቀር ምን ምክንያት እናቀርባለን?

አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ማየት ግን ያስቸግራል። የመንገድና የሕንፃ መብራቱ ደካማዎቹን ከዋክብት ይሸፍናቸዋል። የሰሜን ኮከብ ደግሞ ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ ከቦታው የኬክሮስ ዲግሪ ጋር እኩል ስለ ሆነ፣ በአዲስ አበባ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በእንጦጦ ሥር ለሚኖሩትም ተራራው ራሱ ሊጋርድባቸው ይችላል። ስለዚህ ወደ ገጠር የምትሄዱ ዕድሉን ተጠቀሙበት። ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት ምረጡ። ከመብራት ራቁ፤ የእጅ ስልካችሁንም አጥፉና ዐይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ታገሡ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ሁለት ሺህ ያህል ከዋክብት በዐይናችሁ ብቻ ታያላችሁ፤ ፍኖተ ሐሊብም እንደ ቀጭን ነጭ ጉም ተዘርግቶ ይታያችኋል።

በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ቀና ስትሉ ከአናታችሁ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብለው በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ከዋክብት ታያላችሁ፤ እነርሱ የኦሪዮን መታጠቂያ ናቸው። ከእነርሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጉት ሰባቱ ከዋክብት ናቸው። እነዚህን ሁለቱን በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 38 ላይ እግዚአብሔር ራሱ በስም ጠርቶ ኢዮብን ጠይቆበታል። ከኦሪዮን ወደ ደቡብ ምሥራቅ እጅግ ደምቆ የሚያበራው ሲርየስ ይባላል፤ ከሰማይ ከዋክብት ሁሉ ለዐይናችን የደመቀው እርሱ ነው። ከእርሱ በታች በደቡብ በኩል የሚታየው ሁለተኛው ደማቅ ኮከብ ካኖፐስ ነው፤ ይህንንም አብዛኛው የአውሮፓ ሰው ከአገሩ ሊያየው አይችልም።

ባለፈው የጥር ዕረፍት ጣና ዳር፣ በዘጌ ልሳነ ምድር ከዘመዶቼ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አንድ ምሽት የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ ይህንኑ ሳሳያቸው አንድ አረጋዊ ካህን መቋሚያቸውን ተደግፈው ይሰሙን ነበር።

«አባታችን፣ እርስዎም ከዋክብትን ያውቋቸዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ እኛ ስማቸውን እንዲህ አናሳምረውም» አሉ ፈገግ ብለው። «ልጅ ሳለን ግን በዚህ ደብር ሰዓት ያለው ሰው አልነበረም። በዚህ ወር ሰባቱ ወደ ምዕራብ ሲያጎነብሱ መምህራችን ተነሡ ይሉን ነበር፤ የማሕሌት ሰዓት ነው። ኮከቡ ይቀሰቅሰን ነበር እንጂ፣ ጸሎቱንስ ወደ ፈጣሪ ነበር የምናደርሰው።»

ይህ የአረጋዊው ቃል በረጅም ስብከት ሊነገር የሚችለውን ነገር ሁሉ በአጭሩ የያዘ ነው። በጥር ወር ሰባቱ ከዋክብት ወደ ምዕራብ የሚያዘቀዝቁት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነውና መምህራቸው አልተሳሳቱም። እግዚአብሔር በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ላይ ብርሃናትን የፈጠረው ለምልክትና ለዘመን መለያ፣ ለዕለትና ለዓመት መሆኑ ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን አገልግሎት ስታውቅበት ኖራለች፤ ባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጣው የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ቆጥሮ ነው። ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም የደረሰው መጽሐፈ ሄኖክም ከምዕራፍ 72 ጀምሮ እስከ 82 ድረስ ስለ ብርሃናት ጉዞ የሚናገር ክፍል አለው። ሰዓት ማወቅ፣ ዘመን መቁጠር፣ መንገድ መለየት፣ ይህ ሁሉ የተፈቀደ ነው። ከዋክብት ለሰው አገልጋይ ሆነው ተፈጠሩ።

በዘጌ የሰሜን ኮከብ ከሐይቁ በላይ 12 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ እጅን ዘርግቶ ጡጫ ለሚጨብጥ ሰው ከአንድ ጡጫ ጥቂት የሚበልጥ ማለት ነው። በዚያው ሌሊት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ በኩል የደቡብ መስቀል በጎኑ ተኝቶ ይወጣል። ቀስ እያለ ይቀናና በጥምቀት ሰሞን ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ በደቡብ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በከተራ ታቦታቱ በወንዝ ዳር በሚያድሩበት ሌሊት በድንኳኑ ዙሪያ የምታድሩ ወጣቶች፣ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ደቡብ ዘወር ብትሉና ተራራ ካልጋረዳችሁ ታዩታላችሁ። ነገር ግን እንጠንቀቅ። አራት ከዋክብት በመስቀል ቅርጽ ስለ ታዩን ሌላ ምሥጢር ልንፈልግባቸው አይገባም። ሰው መስቀል ብሎ ሳይሰይማቸውም በፊት በዚያው ነበሩ፤ እርስ በርሳቸውም የተራራቁ ናቸው። አይተን ጌታችንን ብናስብ መልካም ነው፤ አይተን ዕድላችንን ብንገምት ግን ወደ ከለዳውያን ተመለስን ማለት ነው።

አሁን ስለ ርቀት ጥቂት እንናገር። ብርሃን በአንድ ሰኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የጨረቃ ብርሃን ወደ እኛ ለመድረስ ከአንድ ሰኮንድ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅበታል፤ የፀሐይ ብርሃን 8 ደቂቃ ይፈጅበታል። የሲርየስ ብርሃን ግን 8 ዓመት ከመንፈቅ ይጓዛል። ዛሬ ማታ ከሰባቱ ከዋክብት ወደ ዐይናችን የሚገባው ብርሃን ከዚያ የተነሣው ከ400 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን አካባቢ ነው። ፍኖተ ሐሊብም ከመቶ ቢሊዮን በላይ ከዋክብት የያዘ ሆኖ፣ እንዲህ ካሉት እጅግ ብዙ የከዋክብት ጭፍሮች አንዱ ብቻ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ይህን የሰማ አንዳንድ ተማሪ፣ እንግዲያስ ሰው ከንቱ ነው፣ በዚህ ሁሉ ስፋት መካከል ማን ያስበዋል ይላል። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ቅዱስ ዳዊት በመዝሙር 8 ከእኛ በፊት ጠይቆታል። እርሱ ግን በጥያቄው አልቀረም፤ ያ ትንሽ ሰው በፈጣሪው ዘንድ የታሰበና በክብር የተከለለ መሆኑን መሰከረ። ደግሞም ከዋክብት ስለ እኛ ምንም አያውቁም፤ ርቀታቸውን የለካው፣ ብርሃናቸውን የመረመረውና ስም የሰጣቸው ሰው ነው። የሰማይን ስፋት ያወቀ ተማሪ በእግዚአብሔር ፊት ራሱን ዝቅ ቢያደርግ ትክክል ነው፤ ራሱን እንደ ከንቱ ቢጥል ግን የተሰጠውን ክብር መካድ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛውና ወደ ከባዱ ነገር እንለፍ።

የማውቃት አንዲት እኅት አለች። በመዘምራን አብራው ካገለገለች ወንድም ጋር ሦስት ዓመት ተዋውቀው፣ ለንስሓ አባታቸው ነግረው፣ ሽማግሌ ተልኮ ቤተ ሰብ ተስማምቶ ነበር። በመካከሉ ከዘመድ አንዱ የሁለቱን ስም ከእናቶቻቸው ስም ጋር ይዞ ወደ አንድ ኮከብ ቆጣሪ ሄደ። ሰውዬው የፊደሎቹን ቁጥር ደምሮ ለ12 አካፈለና ከተረፈው ተነሥቶ፣ እርሱ አሰድ ነው እሳት፣ እርስዋ ሑት ናት ውሃ፣ ውሃ እሳትን ያጠፋል፣ ቢጋቡ አንዱ ይሞታል አለ። ቤተ ሰቡ ፈራ። ነገሩ ተቋረጠ። ያቺ እኅት ለብዙ ወራት ከቤተ ክርስቲያን ቀረች፤ በሰፈር ውስጥም ኮከቧ ከባድ ነው የሚል ስም ወጣላት። ይህን የሰማ ሌላ ሽማግሌ የሚልክ ቤተ ሰብም አልተገኘም። ወገኖቼ፣ ይህ ጨዋታ አይደለም፤ የሰው ሕይወት ነው። ከመካከላችንም ይህን የመሰለ ነገር በቤቱ ያልሰማ ጥቂት ነው።

እስቲ ነገሩን በእርጋታ እንመርምረው። በመጀመሪያ፣ ኮከብ ቆጣሪው አንድም ኮከብ አልቆጠረም። ከቤቱ አልወጣም፤ ቀና ብሎም ወደ ሰማይ አላየም። የደመረው ፊደል ነው። ፊደል ደግሞ ሰው ለጽሕፈት ያወጣው ምልክት እንጂ ከሰማይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሁለተኛ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ስንት ስም አለን? የክርስትና ስም አለን፣ የቤት ስም አለን፣ የትምህርት ቤት ስም አለን፤ እናቶቻችንም እንዲሁ። ኮከባችን የትኛውን ስም ይከተላል? ስም ሲለወጥ ዕድል የሚለወጥ ከሆነ፣ ሞትና ሕይወት በአንድ ፊደል ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ እውነተኛው ሰማይ ብንወጣም ነገሩ አይገኝም። አንድ ቅርጽ ሠርተው የሚታዩን ከዋክብት በእውነት ጎረቤታሞች አይደሉም። በኦሪዮን ውስጥ አንዱ ኮከብ ብርሃኑ 250 ዓመት ያህል ሲጓዝ፣ የሌላው ከ1,000 ዓመት በላይ ይጓዛል፤ ከእኛ ዘንድ ሆነን ስለምናይ ብቻ አብረው ያሉ ይመስለናል። የምድርም ዛቢያ ፍጥነቱ ሲቀንስ እንደሚዋልል እንዝርት ወደ 26 ሺህ ዓመት በሚፈጅ ዙር ቀስ ብሎ ስለሚዞር፣ የጥንት ሰዎች ወሮቹን ለዐሥራ ሁለቱ ምልክቶች ካከፋፈሉበት ጊዜ ወዲህ ሁሉም ነገር አንድ ምልክት ያህል ተንሸራቷል። ዛሬ መጋቢት 12 ቀን ፀሐይ ሐመል ገባች ሲባል፣ በሰማይ ላይ የምትገኘው ገና በሑት ከዋክብት መካከል ነው። እንግዲህ የሚፈራው ምልክት በተባለበት ቦታ እንኳ የለም።

አራተኛ፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ሲያስተምር ይህንኑ ነገር አንሥቷል። የሰው ሥራ ሁሉ በኮከብ የተወሰነ ከሆነ ሕግም ዳኛም ከንቱ ነው፤ ሌባውም አይወቀስም፤ ገበሬውም ሳይዘራ ያጭዳል ማለት ነው ብሎ አስረድቷል። ለእኛም ለተማሪዎች እንዲሁ ነው፤ ኮከብ ካሳለፈን ለምን እናጠናለን? ኮከብ ከጣለንስ ለምን ንስሓ እንገባለን? ከሁሉም በላይ የእግዚአብሔር ቃል አለ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 4 ለሰማይ ሠራዊት መስገድን ይከለክላል፤ ምዕራፍ 18 ጥንቆላን ይከለክላል፤ ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 10 ሕዝቡ አሕዛብ የሚፈሩትን የሰማይ ምልክት እንዳይፈራ ያስተምራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ሰብአ ሰገልስ በኮከብ ተመርተው አልመጡም ወይ? አዎን መጥተዋል። ነገር ግን ኮከቡ ሕፃኑን አልገዛም፤ ኮከቡ ለሕፃኑ አገለገለ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ያ ኮከብ እንደ ሌሎቹ ከዋክብት ያለ እንዳልሆነ፣ አካሄዱም የተለየ እንደ ነበረ ያስረዳል። ደግሞም ሰብአ ሰገል ኢየሩሳሌም በደረሱ ጊዜ የልደቱን ቦታ ያወቁት ከነቢዩ ከሚክያስ ትንቢት ነው። ለኮከቡም አልሰገዱም፤ ኮከቡን ትተው ወደ ቤት ገቡና ለሕፃኑ ሰገዱ። ሲመለሱም በሌላ መንገድ ተመለሱ።

የሰማይ ሥርዓት የሚያስፈራ ሳይሆን የሚያስተማምን መሆኑን በዘመናችን አይተናል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ጨረቃ በፀሐይ ፊት አልፋ በላሊበላና በአካባቢው ፀሐይ እንደ ቀለበት ታይታ ነበር። ቀኑና ሰዓቱ ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ የታወቀ ነበር፤ በተባለውም ሰዓት ሆነ፤ ከዚያም አለፈ። ጨረቃ መንገድዋን የማትስተው ሕግ የሰጣት ስላለ ነው። ሕጉን ለሰጠው እንሰግዳለን እንጂ ሕጉን የምትጠብቀውን አንፈራም።

ታዲያ በዚህ ዕረፍት ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። የሰሜንን ኮከብ፣ ሰባቱን፣ ኦሪዮንን፣ ካኖፐስን፣ ሌሊት ለተነሣም የደቡብን መስቀል አሳዩአቸው፤ መዝሙር 8ንም አብራችሁ ጸልዩ። ሰማይን በዐይኑ አይቶ ያወቀ ልጅ ነገ በስሙ ፊደል የሚያስፈራራው ሰው ሲመጣ በቀላሉ አይደነግጥም።

ሁለተኛ፣ በቤታችሁ ስም ይዞ ወደ ኮከብ ቆጣሪ የመሄድ አሳብ ቢነሣ ዝም አትበሉ። ነገር ግን በትሕትና ይሁን። አያታችሁን ወይም እናታችሁን ተማርሁ ብላችሁ አታዋርዱ፤ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሚያደርጉት ልጃቸውን ስለሚወዱና ክፉ እንዳይደርስበት ስለሚሰጉ ነው። «እማማ፣ የሚያሰጋዎት ነገር ካለ ወደ ንስሓ አባታችን እንሂድና እናማክራቸው፤ ጸሎትም ይደረግልን» በሉ። ፍርሃት በስድብ አይወጣም፤ በተሻለ መታመኛ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ በመካከላችን በዚህ ነገር የተጎዱ አሉ። ኮከቧ ከባድ ነው የተባለች፣ ገዳም የለሽ ነው የተባለ፣ የሸሹት፣ የራቁት አሉ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው። አብራችኋቸው ቡና ጠጡ፤ ወደ ጉባኤያችንም ጥሯቸው። ወንድሞችም ሚስት ስትመርጡ፣ እኅቶችም ስትታጩ፣ እምነትንና ጠባይን መርምሩ፤ ሥራን አይታችሁ ወስኑ። የፊደል ድምር ይህን አያሳያችሁም።

በመጨረሻ ወደ መዝሙር 146 ልምራችሁ። በዚያ መዝሙር ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በአንዱ ቁጥር እግዚአብሔር ልባቸው የተሰበረውን እንደሚፈውስና ቁስላቸውን እንደሚጠግን ይነገራል፤ በሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ የከዋክብትን ብዛት እንደሚቆጥርና ሁሉንም በየስማቸው እንደሚጠራ ይነገራል። ሁለቱ ለምን አብረው ተጻፉ? ከዋክብትን የሚቆጥረው እርሱና የተሰበረውን ልብ የሚጠግነው እርሱ አንድ ስለ ሆነ ነው። የሰው ኮከብ ቆጣሪ ቆጥሮ ልብ ይሰብራል፤ እውነተኛው ኮከብ ቆጣሪ ግን ቆጥሮ ያጽናናል። ከመቶ ቢሊዮኖቹ አንዱንም አይረሳም፤ የእናንተንም ስም፣ የክርስትናውንም የቤቱንም፣ ያውቃል፤ የሚያውቀውም ሊጥላችሁ ሳይሆን ሊጠራችሁ ነው።

መልካም ዕረፍት፣ መልካም በዓለ ጥምቀት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።